በጥሩ ሁኔታ ላይ የምትገኝ መኪና

መኪና መንዳት የጀመርኩት መኪና ሳይኖረኝ ነው። አትሳቁ፤ መንጃ ፈቃድ አለኝ። ያወጣሁት ደብረ ታቦር ሳለሁ ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ ጸጉሩ ሙሉ ነው። ግን ፈቃዱን ከተቀበልኩ ጀምሮ የነዳሁት በሐሳቤ ብቻ ነበር። ሰቆጣ ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰብኝ። ቢሮ ተቀምጬ ቀኝ እግሬ ነዳጅ ይሰጣል፣ ግራው ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ እጄ እስክሪብቶውን ይዞ ማርሽ ይቀይራል። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ አንድ ቀን "እግርህን ያምሃል እንዴ?" አለችኝ። "ትንሽ ይቆረጥመኛል" አልኳት። ምን ልበላት? ወደ ጽጽቃ እየነዳሁ ነው ልበላት?

ጽጽቃ ያለችው ባለቤቴ ናት። ስሟ ስንታየሁ ነው፤ እኔ ስንቱ እላታለሁ። ሒሳብ ታስተምራለች። ተጋብተን ብዙም ሳንቆይ ሁለታችንም ዋግ ኽምራ ሲደርሰን ደስታችንን አልቻልነውም። አንድ ዞን ነው እኮ! ካርታው ላይ አውራ ጣቴን ሳስቀምጥ ሰቆጣም ጽጽቃም ከሥሩ ገቡ። "በቃ ጎረቤት ነን" አልኳት። ካርታ ዳገት አያሳይም። ጠጠሩን አያሳይም፤ ሰው ካልሞላ የማይነሳውን መለስተኛ አውቶቡስም አያሳይም። ለመዛወር ያስገባሁት ማመልከቻ "እየታየ ነው" ከተባለ ቆየ፤ የሚያየው ሰው ዓይኑን ሳያመው አይቀርም።

በየማታው እንደዋወላለን። "እንዴት ነህ?" ትለኛለች። "ደህና ነኝ፤ ሁሉም ጥሩ ነው። አንቺስ?" እላታለሁ። "ደህና" ትላለች። ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጣል። እኔም ስልኩን ደረቴ ላይ አስቀምጬ መንዳቴን እቀጥላለሁ። በሐሳቤ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይዋ ተራሮቹን ከጎን ታበራቸዋለች። የቅርቡ ሸንተረር ቡኒ ነው፣ ከእሱ ኋላ ያለው ሰማያዊ፣ የመጨረሻው ደግሞ ተራራ ይሁን ሰማይ አይለይም። መስኮቴ ክፍት ነው። ስንቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ጥሩምባ አልነፋም፤ ዝም ብዬ እደርሳለሁ።

አንድ ረቡዕ ማታ ታዲያ ስንቱ ሌላ ወሬ ይዛ ደወለች። ደብረ ታቦር የምታስተምር አንዲት ሴት ባሏ ጽጽቃ ስለሆነ የእርስ በርስ ዝውውር ፈልጋ፣ ከስንቱ ጋር ለመቀያየር ቅጹን ሞልታ ልካለች። ስንቱ ከፈረመች እናቷ ቤት አጠገብ ታስተምራለች። እኔ እዚሁ እቀራለሁ፤ የምንገናኘውም በበዓል ብቻ ይሆናል። መልስ የሚፈለገው ሰኞ ነው።

"ምን ትላለህ?" አለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ባል ሊል የሚችለው ብዙ ነገር ነበር። እኔ ግን "መኪና ልገዛ ነው" አልኳት።

ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

"እውነትህን ነው?" አለች። ድምጿ ቀና ሲል ተሰማኝ። "መኪና ካለህማ ዓርብ ዓርብ ትመጣለህ።"

"መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ዓርብ ዓርብ እመጣለሁ።"

"እንግዲያው እስከ ሰኞ አልፈርምም" አለችና ኔትወርኩ ተቆረጠ።

ይኸው ነው እንግዲህ ጣጣው የጀመረው። መኪና ስል ደግሞ ዝም ብዬ አልነበረም፤ ዓይኔን የጣልኩባት አንዲት ነበረች። ትንሽ ናት፤ ከባጃጅ ከፍ ትላለች፣ ከፒካፕ ብዙ ታንሳለች። ባለቤቷ ሀብቴ የሚባል ሰው ነው፤ የግንባታ ዕቃ ሊነግድ ሰቆጣ መጥቶ፣ አሁን ወደ ወልድያ ሊመለስ ዕቃውን እየሸጠ ነው። መኪናዋን ከመናኸሪያው በላይ ካለው ዳገት ላይ አቁሞ መስታወቷ ላይ "ትሸጣለች" ብሎ ለጥፏል። ቀለሟ ሰማያዊ እንዳይባል ግራጫ ነው፣ ግራጫ እንዳይባል ሰማያዊ ነው። ልክ የዚያ የመጨረሻው ሸንተረር ቀለም። መኪና በቀለሟ የሚመርጥ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ይኸው እዩኝ።

ግን ሞኝ አይደለሁም፤ ወይም ሞኝነቴ በሥርዓት ነው። ሥራዬ ክትትልና ግምገማ ነው። ያለ ቅጽ ሽንኩርትም አልገዛም። ሌሊቱን በሙሉ ስልኬ ላይ ያገለገለ ትንሽ መኪና የሚገዛ ሰው ምን ምን ማየት እንዳለበት ሳነብ አደርኩና ሠላሳ አንድ ነጥብ አወጣሁ። ዘይት ታፈሳለች ወይ? ከማርሚታዋ የሚወጣው ጭስ ምን ዓይነት ነው? ፍሪሲዮኗ ይንሸራተታል ወይ? ጎማዋ በአንድ ወገን አልቋል ወይ? ተጋጭታ ታውቃለች ወይ? ሁሉንም በሠንጠረዥ አሰፈርኩት። ከጎኑ "የተገኘበት ሁኔታ" የሚል ዓምድ ሠራሁለት፤ ከታች የፊርማ ቦታም አለው። ቅጹን ሳየው ራሴን አከበርኩት።

ሐሙስ ከሥራ በኋላ ሄድኩ። ሀብቴ ሞተሯን አስነስቶ፣ ሙዚቃ ከፍቶ፣ በሩ ላይ ተደግፎ ጠበቀኝ። ውስጧ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ወንበሮቿ አዲስ ልብስ ለብሰዋል። ኮፈኗን ሲከፍትልኝ ሞተሯ ከሳህን በላይ ያብለጨልጫል።

"ዘይት ታፈሳለች?" አልኩት ቅጼን ዘርግቼ።

"እሷ? ኧረ በስመ አብ በል ወንድሜ!" አለ።

"በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል" ብዬ ጻፍኩ።

"ፍሪሲዮኗስ?"

"ባለፈው ወር ነው የተቀየረ። ልጄ በላት፤ ልጄ ናት።"

"በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል።"

እንዲህ እያልን ሠላሳ አንዱንም ጨረስን። በኋላ ነው እንግዲህ የገባኝ፣ እኔ ሥራዬንም የምሠራው እንዲሁ ነው። አንድ ቀበሌ እሄድና "የውኃ ፓምፑ እንዴት ነው?" እላለሁ። "ይሠራል" ይሉኛል። ፓምፑን ለማየት ገደል መውረድ አለ፤ ወርዶም መውጣት አለ። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ገደሉን ሳይሆን ከገደሉ ማዶ ያለውን ሰማያዊ ተራራ ነው የማየው። "በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል" እላለሁ፤ ሁላችንም ሻይ እንጠጣለን።

አያ ኪሮስ ቤቱን ያከራዩኝ ሰው ናቸው። ጉልምስናቸውን በሙሉ በቅሎ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው፤ አሁንም ሰው በቅሎ ሊገዛ ሲነሳ እሳቸውን ይዞ ነው ገበያ የሚወጣው። ያን ዕለት ማታ በረንዳ ላይ ቅጼን ይዤ ፈገግ ስል አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። "አንብብልኝ" አሉ። አነበብኩላቸው፤ ሠላሳ አንድ ጊዜ "በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል" ስል በትዕግሥት ሰሙኝ።

"አንተ አይተህ ነው ወይስ ሰውዬው ነግሮህ?"

"ባለንብረቱ በዝርዝር አስረድቶኛል።"

"የሚሸጣት ሰው።"

"አዎ፣ አያ።"

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "ነገ እኔ ልያት" አሉ።

"እርስዎ መኪና ያውቃሉ እንዴ?"

"አላውቅም። የሚሸጥ ሰው ግን አውቃለሁ።"

ዓርብ ከሰዓት አብረን ሄድን። ሀብቴ እንደ ትናንቱ ሙዚቃውን ከፍቶ፣ ሞተሯን አስነስቶ ጠበቀን። አያ ኪሮስ ወደ መኪናዋ አልቀረቡም። ከመንገዱ ማዶ ቆመው፣ በትራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው አዩዋት። እኔ አፍሬ ላብ አጠመቀኝ። ኋላ ሲቀርቡ በዝግታ ዞሯት፤ እየዞሩም በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣና አንድ ነገር ያጉረመርማሉ። ለእሷ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም።

"ይህቺ ወድቃ ታውቃለች" አሉ።

"ማን? ኧረ አባቴ፣ እንኳን ልትወድቅ..." አለ ሀብቴ።

አያ ኪሮስ የግራውን በር በጣታቸው መገጣጠሚያ አንኳኩ፤ ላሜራ ጮኸ። የቀኙን አንኳኩ፤ የጭቃ ግድግዳ ድምፅ ሰጠ። "ይኸኛው ቁስል ነው፤ ላዩን ነው የደረቀው" አሉ። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ተለብጦ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጎማዎቹን ዳሰሱ። "ኮቴዋን በውስጥ በኩል ነው የምትጨርሰው። እግሯ ተጣሟል።"

እኔ መከራከር ጀመርኩ። ልብ በሉ፣ ሀብቴ አይደለም የተከራከረው፤ እኔ ነኝ። "ገና ወጣት ናት አያ፣ ቆጣሪዋን ይዩት፤ ብዙም አልሄደችም" አልኳቸው። ቁጥሩን አላዩትም። የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን መርገጫ አዩ። ላስቲኩ ተበልቶ ብረቱ ወጥቷል።

"ጥርሷ ወጣት ነው፣ ጉልበቷ አሮጊት። ጥርሷን ማን ነው የሞረደው?" አሉ። የበቅሎ ዕድሜ የሚነበበው ከጥርሷ ነው።

ሀብቴ የሙዚቃውን ድምፅ ጨመረ። አያ ኪሮስ እንዲዘጋው በእጃቸው አሳዩት። ዘጋው። ያኔ ሞተሯ ውስጥ አንድ ሰው ምስማር የሚመታ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ሦስታችንም ሰማነው፤ እኔ ግን ከጎረቤት ነው ብዬ ወሰንኩ።

"ሁልጊዜ አስነስተህ ነው የምትጠብቅ?" አሉት።

"ሞቅ አድርጌ ልጠብቃችሁ ብዬ ነው አባቴ። ክብር ነው።"

"እኛም እንደዚህ ነው የምናደርግ" አሉ አያ ኪሮስ ፈገግ ብለው። የሙያ ባልደረባ ያገኙ ነው የመሰሉት። "የምታነክስ በቅሎ ገበያ ከመድረሷ በፊት ጥሩ አድርገን እናስኬዳታለን። ሲሞቃት አታነክስም። ሁልጊዜስ ቁልቁል ነው የምታቆማት?"

"ሰቆጣ ሜዳ የት አለ አባቴ?"

"አለ። እኔ ግቢ አለ። ዛሬ እኔ ግቢ ትደር።"

በእሳቸው አገር በቅሎ የሚገዛ ሰው በቅሎዋን ወስዶ ግቢው ያሳድራታል፤ ጠዋት ስትነሳ እንዴት እንደምትቆም አይቶ ነው የሚስማማው። ሻጩ እምቢ ካለ ገበያው እዚያው ያበቃል፣ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሀብቴ አንገራገረ፣ ቁልፉን አሽከረከረ፣ በመጨረሻ አመጣት። እኔም ያን ሌሊት በመስኮቴ በኩል ጣሪያዋን እያየሁ ተኛሁ። በእንቅልፌ ሁለት ጊዜ ጽጽቃ ደርሼ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስወጣ አያ ኪሮስ ከመኪናዋ ፊት ቁጢጥ ብለዋል። እዚያች ትንሽ ሜዳ ላይ፣ ንጹሕ አፈር ላይ፣ ሦስት እርጥብ ቦታ አለ። አንዱ ጥቁር ነው፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀላ ያለ።

"ጤዛ ይሆናል" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ታዝኖልኝ አያውቅም። ጣታቸውን ጥቁሩ ላይ ነክረው አሸተቱትና እጃቸውን አፈር ላይ ጠረጉ።

ሀብቴ መጥቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው አንድ ጊዜ አቃሰተና ዝም አለ። ደግሞ አዞረ፤ አሁን ማቃሰቱም ቀረ። "በርዷት ነው" አለ። "የወልድያ አየር ነው የለመደችው።" ገፋናት። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርን፤ በሦስተኛው ተነሳች። ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ወጥቶ ግቢውን ሞላው። የአያ ኪሮስ ዶሮዎች ለትንሽ ጊዜ አልታዩም፤ ድምፃቸው ብቻ ይመጣል። ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? ጭሱም የሸንተረሩ ቀለም ነው፣ አልኩ ለራሴ። እንደዚህ ላለ ሰው ነው ክትትልና ግምገማ ተብሎ ማኅተም የተሰጠው።

አያ ኪሮስ "አትግዛ" አላሉኝም። አንድ ጆንያ ገብስ አምጥተው የኋላ ወንበር ላይ አስጫኑ። "ባዶዋን ምን ያደርግልኛል? ተጭና ዳገት ትውጣና እናያታለን" አሉ፤ ራሳቸውም ከገብሱ ጎን ገቡ። ሀብቴ ከጎኔ ተቀመጠ። መሪውን እኔ ያዝኩ። በጽጽቃ መንገድ ወጣን።

ያን መንገድ እንዴት ልንገራችሁ! ከስንት ዓመት በኋላ በእውነት እየነዳሁ ነው። መስኮቴ ክፍት ነው። ከተማው አለቀና ጠጠሩ ጀመረ። የታጨደው ማሳ ወርቃማ ሆኖ ተኝቷል፤ ከእሱ ኋላ ቡኒው ሸንተረር፣ ከእሱ ኋላ ሰማያዊው። መሪው ወደ ግራ ይጎትታል። ይጎትት! ከሥሬ የሆነ ነገር ይንቋቋል። ይንቋቋ! ዣንጥላቸውን የዘረጉ አንድ ቄስ በእግራቸው ሲሄዱ ደረስንባቸውና አለፍናቸው። እጄን አውጥቼ ሰላም አልኳቸው። ያን ሰላምታ የሰጠሁት እንደ ባለመኪና ነው፤ እንዴት ደስ እንደሚል አትጠይቁኝ።

ዳገቱ መጣ። ነዳጅ ሰጠሁ። ሞተሯ ጮኸች፤ እኛ ግን አልፈጠንንም። ጨመርኩ፣ ይበልጥ ጮኸች፣ እኛ ይበልጥ ቀስ አልን። ፍሪሲዮኗ እየተንሸራተተ ነበር፤ በቅጼ ላይ ዘጠነኛው ነጥብ ነው። የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። "ማሳ እያቃጠሉ ነው መሰለኝ" አልኩ። ቀስ ስንል ግን እያንዳንዷ ቁጥቋጦ፣ እያንዳንዷ ድንጋይ በደንብ ትታያለች። እኔ በሐሳቤም ስነዳ እንደዚህ በዝግታ ስለሆነ ምንም አልጎደለብኝም።

ቄሱ ደረሱብን። "እንደምን አደራችሁ" አሉ በመስኮቱ በኩል። ትንሽ ሜዳ ስናገኝ አለፍናቸው፤ ዳገቱ ሲቀጥል እንደገና ደረሱብን። "እንደምን አደራችሁ" አሉ ደግመው። በሦስተኛው ጊዜ ዣንጥላቸውን አጥፈው "ልግፋላችሁ ወይ ልጆቼ?" አሉን። ያን ጊዜ ሀብቴ ራሱ አንገቱን ደፋ። ቄሱ ባርከውን ወደ ፊት ሄዱ።

የዳገቱ አናት ላይ መኪናዋ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠችና ቀጥ አለች። ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት ወጣ። ወጥተን ቆምን። ሀብቴ ድንጋይ ፈልጎ ከጎማው ሥር አስገባ። አያ ኪሮስ የገብሱን ጆንያ አውርደው ተቀመጡበት። ነፋስ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከታች ሰቆጣ ቆርቆሮዋ እያብለጨለጨ ተኝታለች፤ ወደ ላይ መንገዱ ይቀጥላል፣ ይጠመዘዛል፣ ሸንተረሩ ውስጥ ይገባል። በሐሳቤ ያን መታጠፊያ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። አሁን ግን በእግሬ ቆሜ ሳየው ሩቅ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሩቅ ሆኖ ታየኝ።

ከተማ ውስጥ ሲለመን የሚውለው ኔትወርክ እዚያ አናት ላይ ሞልቷል። ስልኬ ጠራ። ስንቱ ናት።

"ገዛሃት?"

"ዳገቱ ላይ ነኝ፤ እየሞከርኳት ነው።"

"እንዴት ናት?"

አፌ ተዘጋጅቶ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። ግን አያ ኪሮስ ከገብሱ ላይ ሆነው ያዩኛል፤ ቅጼ ከነሠላሳ አንዱ ውሸቱ ኪሴ ውስጥ አለ፤ መኪናዋም ፊቴ ላይ እየጨሰች ነው።

"ስንቱ፣ ዘይት ታፈሳለች" አልኳት። "ውኃም ታፈሳለች። ፍሪሲዮኗ አልቋል። ተጋጭታ በስቱኮ ተለብጣለች። ሞተሪኖዋ አይሠራም፤ ቁልቁል ካላቆሟት አትነሳም። ቆጣሪዋ ተነክቷል። ቄስ በእግራቸው ቀደሙን።"

አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ። ከዚህ በፊት ገደል ወርጄ ፓምፕ አይቼ አላውቅምና እንዴት እንደሚወጣም አላውቅም።

"እኔም ደህና አይደለሁም" አልኳት። "ማታ ማታ ደህና ነኝ የምልሽ ውሸቴን ነው። ዓርብ ሲደርስ ቤቱ ይጠበኛል። ለብቻዬ ምግብ መሥራት ትቼ ዳቦ ነው የምበላው። ደግሞ ሌላም አለ። አንዳንድ ዓርብ መናኸሪያ ሄጄ አውቶቡሱ አልሞላም ሲሉኝ፣ ሌላ መጓጓዣ ሳልፈልግ እመለስ ነበር። ተኝቼ በሐሳቤ መምጣቱ ይቀለኝ ነበር። በሐሳቤ ዳገት የለም። ይሄንን አልነገርኩሽም። ትሰሚኛለሽ? ስንቱ?"

ምንም ድምፅ የለም። ኔትወርኩ ተቆርጦ ይሆን? ወይስ እሷ ናት የቆረጠችው?

"አለሁ" አለች። ድምጿ ረጥቧል። "አንተ ሰው፣ ይሄንን ለመናገር መኪና መበላሸት ነበረበት?"

"እንዴት?"

"ደህና ነኝ፣ ሁሉም ጥሩ ነው ስትለኝ፣ እኔ ባልኖርም ምንም ያልጎደለብህ ነበር የሚመስለኝ። ዝውውሩን ልፈርም ያሰብኩትም ለዚሁ ነው። እዚያም ብሆን እዚህም ብሆን ለእሱ አንድ ነው ብዬ።"

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ቃል አልነበረም መሰለኝ። አያ ኪሮስ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩልኝ።

"መኪናዋን እንዳትገዛት" አለች በመጨረሻ።

"እሺ።"

"አንተ ግን ና። በጭነት መኪናም ቢሆን ና።"

ስልኩን ስዘጋ ሀብቴ መሬት መሬት እያየ "ቅድም ልነግርህ ነበር እኮ" አለኝ። አልተቆጣሁትም። እሱ የዋሸኝ ለሁለት ቀን ነው፤ እኔ ስንቱን የዋሸኋት ዓመት ከመንፈቅ ነው። አያ ኪሮስ ብቻ "ለሚቀጥለው ገዢ ጥርሷን አትሞርድ" አሉትና ገብሳቸውን አስጫኑ።

መመለሻው ቁልቁል ነው፤ ቁልቁል ደግሞ እንከን የላትም። መኪናዋን አዙረን መሪውን ለሀብቴ ተውኩለት፤ ሞተሯ እንደጠፋ በፍሬን እየያዘ ቀስ አድርጎ ለቀቃት። የእውነት የሚሠራው ፍሬኗ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ምንም ድምፅ አልነበረም። ጠጠሩ ከሥራችን ይንሿሿል፣ ነፋሱ በመስኮት ይገባል፣ ማሳዎቹ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። አያ ኪሮስ ከኋላ በኽምጣና ቀስ ብለው አንድ ነገር ያዜማሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጉዞ አልሄድኩም። ያን ያህል ዓመት ያለምኩት እሱን ነበር፤ አቅጣጫው ብቻ ነው የተሳሳተው።

ሰኞ ስንቱ ቅጹን ሳትፈርም መለሰች። እኔም ሰኞ ቢሮ ገብቼ የአንዱን ቀበሌ ፓምፕ ፋይል አወጣሁና ለረጅም ጊዜ አየሁት። ማክሰኞ ገደሉን ወረድኩ። ስለ ፓምፑ ሌላ ቀን ብንጫወት ይሻላል፤ ጉልበቴ ገና አልዳነም።

ዓርብ ከሰዓት መናኸሪያ ሄድኩ። አውቶቡሱ አልሞላም። ቆምኩ። አሁንም አልሞላም። ቆሜ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ዱቄት የጫነ አይሱዙ አገኘሁና ከጆንያዎቹ በላይ ወጣሁ። ያች መታጠፊያ ስትደርስ ዓይኔን ሳልጨፍን አለፍኳት። ከዚያ በኋላ በሐሳቤ ያልነበረ ብዙ ነገር ነበር፤ አቧራ ነበር፣ የሚነቀንቅ ድልድይ ነበር፣ አንድ ጎማም ፈነዳ።

ስንቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ይሄ ብቻ በሐሳቤ እንደነበረው ነው። የአያ ኪሮስን ነገር ከአንድም ሦስት ጊዜ በስልክ ነግሬያት ስለነበር፣ ልታቅፈኝ ስጠብቅ ዝም ብላ ከሩቅ አየችኝ። ከዚያ መጥታ በዝግታ ዞረችኝ። ትከሻዬን በጣቷ አንኳኳች። ጎንበስ ብላ ጫማዬን አየች። ፀጉሬ፣ ቅንድቤ፣ ኮቴ ሁሉ ዱቄት ነው።

"ሶልህ በውስጥ በኩል ነው ያለቀው" አለች። "ቀለምህም የራስህ አይደለም።"

"ታዲያ ምን ተወሰነ?" አልኳት።

"ዛሬ ምንም አልወስንም" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ከንፈሯ እየሳቀ ቦርሳዬን ተቀበለችኝና ወደ ቤት መራችኝ። "አድረህ ትታያለህ።"